ቱርቦና የደጋ አየር፤ የግፊት መቆጣጠሪያ በእጁ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር ስንጽፍ «ይህስ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሆኖም ጉዳዩ የአገራችንን ከፍታ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሁሉ ሊከታተለው ይችላል። እንደ አርዱይኖ ያለ ትንሽ ኮምፒዩተር ይዞ የመኪናውን ቱርቦ ግፊት ለማሳደግ የሚመኝ ወጣት አንድ ነገር አስቀድሞ መረዳት አለበት፤ ይኸውም ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ ቁጥር በወንጪ ዳገት ላይ ሞተር ሊያበላሽ መቻሉን ነው። የምንናገረው ስለ ቤንዚን ሞተር ነው።

1. ቱርቦ ምንድን ነው?

ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይደክማል። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው ሐሳብ ይህን ድካም የሚያቃልል ሆነ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ ያዞራል፤ መጭመቂያውም አየሩን አጭቆ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ከ4,300 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ወስዶ የፈተነው፣ በሳሳ አየር የሚጠፋውን ጉልበት ቱርቦ እንደሚመልስ ለማሳየት ነበር።

2. ግፊቱ እንዴት ይገታል?

ጭሱ ሁሉ በተርባይኑ ቢያልፍ ግፊቱ ያለ ልክ ይወጣል። ስለዚህ ከተርባይኑ አጠገብ የጭስ ማስተንፈሻ በር ይደረጋል። በሩን አንድ ሞላ ዘግቶ ይይዘዋል፤ ከመጭመቂያው በቀጭን ጎማ የሚመጣው ግፊት ሞላውን ሲያሸንፍ በሩ ይከፈታል። በእጅ የሚሠራው መቆጣጠሪያ የሚገባው በዚህ ጎማ መካከል ነው፤ ይኸውም ባለ ሦስት አፍ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው። ቫልቩ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል እየተከፈተና እየተዘጋ ከጎማው ግፊት ጥቂቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ በዚህም በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ የቱርቦውም ግፊት ይጨምራል። እንግዲህ መሣሪያው ሞላው ከሚይዘው በላይ ማሳደግ እንጂ ከዚያ በታች ማውረድ አይችልም።

3. የአገራችን ስሌት

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። አምቦ በ2,100 ሜትር ላይ ስትሆን 78 ገደማ ይደርሳታል፤ ከአምቦ ወደ ሐሮ ወንጪ የሚወስደው መንገድ 3,000 ሜትር ሲደርስ 70 ብቻ ይቀራል።

አንድ ወጣት በሲሊንደሩ መግቢያ ላይ ጠቅላላ ግፊቱ ሁልጊዜ 150 እንዲሆን ፈለገ እንበል። በባሕር ዳርቻ መጭመቂያው አየሩን አንድ ተኩል እጥፍ ማጨቅ ይበቃዋል። በወንጪ ግን 150 ለ70 ሲካፈል 2.1 እጥፍ ይሆናል። የመጭመቂያው ቅልጥፍና ከመቶ 70 ነው ብለን ብናሰላ፣ 15 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር በመጀመሪያው 50 ዲግሪ ያህል፣ በሁለተኛው 100 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የጋለ አየር ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ማንኳኳቱ ፒስቶን ይሰብራል። ቱርቦውም ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሊሽከረከር ይችላል።

4. ታዲያ ምን ይደረግ?

መቆጣጠሪያው ሁለት ገደብ ይሰጠው፤ አንዱ ጠቅላላ ግፊት፣ ሌላው የእጥፍ መጠን። ከሁለቱ የሚያንሰውን ይከተል። ለምሳሌ 150 ኪሎፓስካልና 1.8 እጥፍ ብንወስን፣ በባሕር ዳርቻ 150፣ በአምቦ 140፣ በወንጪ 126 ይሆናል። ትክክለኛው እጥፍ ግን ከቱርቦው ፋብሪካ ሰንጠረዥ ይነበባል። ሞላው ብቻውን 50 ኪሎፓስካል የሚይዝ ከሆነ በወንጪ 120 አስቀድሞ ተገኝቷልና ለመቆጣጠሪያው የሚቀረው ጭማሪ 6 ብቻ ነው።

መለኪያውም ሁለት ይሁን። እንደ ኤም ፒ ኤክስ 4250 ያለው፣ ከ20 እስከ 250 ኪሎፓስካል የሚያነብ፣ ከሞተሩ መግቢያ ጋር ይያያዝ፤ ሌላው ክፍት አየር ይለካ። ብዙዎች በአንድ መለኪያ ሞተሩ ሳይነሣ የውጭውን አየር አንብቦ መያዝ ይበቃል ይላሉ። አምቦ ላይ ተነሥቶ ሳያቆም ወንጪ የሚወጣ መኪና ግን አየሩ በ8 ኪሎፓስካል ሲቀንስ ኮምፒዩተሩ አሁንም አምቦ ያለ ይመስለዋል።

5. ሦስት ጥንቃቄዎች

ሀ. ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ቫልቩ ግፊቱን በሙሉ ወደ በሩ እንዲያሳልፍ ሆኖ ይታሰር፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ወደ ሞላው ልክ ይመለሳል።

ለ. ቫልቩን በሚያበራው ትራንዚስተር ላይ የሚመለሰውን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳልፍ ዳዮድ ከቫልቩ ጋር ጎን ለጎን ይግባ።

ሐ. ጎማው ከበሩ ቢወልቅ በሩ ከቶ አይከፈትም፤ ኮምፒዩተሩም ሊያድን አይችልም። ስለዚህ ጎማው በብረት ማሰሪያ ይጥበቅ፤ ግፊቱ ከገደብ ሲያልፍ ነዳጅ የሚያቋርጥ የተለየ መሣሪያም ይኑር።

ወንጪ በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች፤ ዳገቱንም የሚወጣው መኪና ሰው የጫነ ነው። በገደል አፋፍ ጉልበቱ የሚከዳ ሞተር ከባለቤቱ ሌላ የብዙዎች ጉዳት ነውና፣ ከሌላ አገር የተገኘውን ቁጥር ከመጻፋችን በፊት የራሳችንን አየር እንለካ።