በልብ ወለድ መጻሕፍት ስለሚመላለሱ ቃሎችና ዐረፍተ ነገሮች

በአማርኛ ከታተሙት የልብ ወለድ መጻሕፍት የመጀመሪያው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም ውስጥ የፍቅርና የጀብዱ ታሪክ የያዘውን ወጣቶች ከሁሉ አብልጠው ይወዱታል፤ በደሴና በኮምቦልቻም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ገጠር ድረስ ይደርሳል። ልጅ ማንበብን መውደዱ ደስ የሚያሰኝ እንጂ የሚከለከል ነገር አይደለም። ነገር ግን የተማሪዎችን ድርሰት የሚያርም መምህር፥ የእነዚህ መጻሕፍት ቃል እየተገለበጠ በልጆች ደብተር ላይ መስፈሩን ሳያስተውል አይቀርም።

ቃሉም ይህን የመሰለ ነው። የወንዱ ልብ ድም ድም ይላል፤ የልጂቱ እንባ በጉንጮችዋ ላይ ኮለል ብሎ ይወርዳል፤ አባትየው በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ክፉ ወሬ የሰማ ሁሉ ክው ብሎ ይቀራል። ቆንጆ በመጣች ቍጥር አፍንጫዋ ሰልካካ፥ አንገትዋ ብርሌ፥ ጥርስዋ በረዶ ነው። ሲነጋም ፀሐይ ወርቃማ ጨረርዋን ትፈነጥቃለች። ሦስት መጽሐፍ ያነበበ ሰው አራተኛውን ሳይከፍት የልጂቱን መልክ ሊነግረን ይችላል።

ይህን ስንል ግን ቃል የደገመ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ማለታችን አይደለም። ቋንቋችን ራሱ በመደጋገም ትርጓሜ ይፈጥራል፤ ሰበረ ሌላ፥ ሰባበረ ሌላ ነው። ፈልጎ አጣ ከማለትም ፈልጎ ፈልጎ አጣ ማለት ይበረታል። ደግሞም በአማርኛ ግሥ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚውል፥ ያለፈ ነገር የሚተርክ ሰው ነበር፥ ነበር እያለ ቢዘጋ፥ ንግግርም ሲጽፍ አለ፥ አለች እያለ ቢያሳርፍ፥ ሰዋስው ያመጣበት ነውና መምህሩ በቀይ ቀለም አያስጨንቀው።

ከዚህም ሌላ ከአባቶች የወረስነው መመላለስ አለ። በግዕዝ ዳዊት 135ኛው መዝሙር በ26ቱም ቍጥር አንዱን ቃል ይመልሳል። መልክዕ የሚባለው ድርሰት ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ሲያመሰግን በየአንቀጹ በሰላምታ ይጀምራል። በወሎ መንዙማ ሲባልም መሪው አዲስ ነገር ያመጣል፥ ተቀባዩ ሕዝብ አዝማቹን ይመልሳል። በእነዚህ ሁሉ የሚመለሰው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መጽሐፍ በእጁ ያልያዘውን ሰሚ ያሳርፋል፥ ያስታውሰዋልም። ደግሞ በመካከሉ አዲስ ነገር ስለ ገባ፥ ያው ቃል ሁለተኛ ሲመጣ የሚያገኘው ሰሚ አስቀድሞ እንደ ነበረው አይደለም።

የብዙ ልብ ወለድ መጻሕፍት መደጋገም ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ችኰላ ነው። ይህም የእኛ ሀገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኤድዋርድ ስትራተሜየር የሚባል ሰው ያቋቋመው ድርጅት፥ የታሪኩን ዝርዝር እያዘጋጀ ለልዩ ልዩ ጸሐፊዎች በክፍያ ይሰጥ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1930 ጀምሮ በወጡት የናንሲ ድሩ መጻሕፍት ላይ ካሮላይን ኪን የሚል የደራሲ ስም ታተመ፤ እንዲህ የምትባል ደራሲ ግን አልነበረችም። እንደዚህ በልክ ተቈርጦ የሚሠራ መጽሐፍ ያው ቃል ቢመላለስበት አያስደንቅም። ልጆች በጉጉት ማንበባቸውንም አላስቀረም፤ ምክንያቱም አንባቢው የሚያውቀውን ቃል ሲያገኝ እንደ ጐረቤት ሰላም ብሎት ያልፋል።

ጕዳቱ የሚታየው ልጁ ብዕር ሲያነሣ ነው። አንዲት ተማሪ በ1965ና በ1966 ዓ. ም. በወሎ ስለ ደረሰው ረኃብ ከአያትዋ የሰማችውን እንድትጽፍ ታዘዘች። ጽፋ ያመጣችውም የአያትዋ ልብ በኀዘን እንደ ተሰበረ፥ እንባዋም እንደ ጎርፍ እንደ ወረደ የሚናገር ነበር። መምህሩ፥ «አያትሽ በአፋቸው ምን አሉሽ?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም፥ «የጎጆውን ክዳን ሣር እያወረድን ለላሚቱ ሰጠናት፤ ላሚቱም ሞተች፤ እኛም ክዳን በሌለው ቤት ዐደርን አሉኝ» አለች። «ታዲያ ይህን ስለ ምን አልጻፍሽውም?» ቢላት፥ «እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አላየሁም» ብላ መለሰች። ከዚህ በኋላ እንደ ገና ጻፈችው። በሁለተኛው ጽሕፈት «ሣር አወረድን» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ መምህሩም ሦስቱንም ተዋቸው።

ለልምምድ ከአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ይበቃል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ቢሆንም መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ዓይን ዘሎ የሚያልፈውን ጆሮ ይይዘዋልና። በ1958 ዓ. ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው፥ መጽሐፉን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ተከታትሎታል። ተማሪው ቀድሞ የሰማውን ቃል ሁለተኛ ሲሰማ እጁን ያንሣ፤ ቃሉም በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ስለ እያንዳንዱ ቃል፥ ይህ ከዚህ ወጥቶ በሌላ መጽሐፍ፥ በሌላ ሰው ላይ ቢነገር የሚጐድል ነገር አለን? ተብሎ ይጠየቅ። የሚጐድል ከሌለ ልጆቹ በፈንታው ያዩትን ይተኩ። በደሴ ያለ ልጅ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር እያየ፥ ወርቃማ ጨረር ብሎ መጻፉን እዚህ ላይ ራሱ ያገኘዋል። በኮምቦልቻ ያለውም የቦርከናን ወንዝ ይጻፍ። በትምህርቱ ቀን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ተጋብዘው ቢገኙ እጅግ ይረዳል፤ ልጆቹ ስለ አንድ ንጋት ወይም ስለ አንድ ለቅሶ ይጠይቋቸውና የተናገሩትን ቃል ሳይለውጡ ይጻፉት።