የላንግደል ጥያቄ

የማስተማር ልምምድ ሊጀመር ስለሆነ ብዙዎቻችን የትምህርት ዕቅድ በመጻፍ ላይ ነን። ዕቅዶቻችን ቢታዩ «መምህሩ ያብራራል፣ ተማሪዎች ያዳምጣሉ» በሚል የተሞሉ ናቸው፤ የእኔም ጭምር። ስለዚህ ከሙያችን የራቀ የሚመስለውን የአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ታሪክ ላቅርብላችሁ።

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግደል ይባላል። በ1826 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በሐርቫርድ ሕግ ሲማር በቤተ መጻሕፍቱ እየሠራ ራሱን ይደጉም ነበር። ከዚያም በኒውዮርክ ለብዙ ዓመታት በጥብቅና ሠራ። በ1870 የሐርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት አምጥቶ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን አደረገው።

ያኔ ፕሮፌሰሩ ከመጽሐፍ ያብራራል፣ ተማሪው ይጽፋል። 18 ወር የተማረ ሰው ያለ ምንም ፈተና ዲግሪውን ይወስድ ነበር። (እንዲህ ያለ ቢገኝ የምንመዘገብ አንጠፋም!)

ላንግደል ክፍል ገብቶ ማብራሪያ አልሰጠም። አንዱን ተማሪ በስሙ ጠርቶ የፔይንና የኬቭን ክርክር ፍሬ ነገር እንዲያስረዳ ጠየቀው። ነገሩ በ1789 እንግሊዝ አገር የተፈረደ ነው። ኬቭ በሐራጅ ለአረቄ ማውጫ ዕቃ 40 ፓውንድ ይጠራል፤ መዶሻው ሳይመታ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። ይገደዳል ወይስ አይገደድም? አይገደድም ተባለ፤ ምክንያቱም ዋጋ መጥራት ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ነው፤ ስምምነት የሚሆነው መዶሻው ሲመታ ነው። ይህን ደንብ ለመናገር እኮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ላንግደል ግን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕግ በአብዛኛው ከዳኞች ውሳኔ የተገነባ በመሆኑ፣ ተማሪው ደንቡን ራሱ ከውሳኔው ፈልቅቆ እንዲያወጣው ፈለገ። ለዚህም በ1871 የውል ክርክሮችን ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳተመ።

ታዲያ ተማሪው ደስ አለው? ኧረ በፍጹም! «እሱ ካላስተማረን ማን ያስተምረን?» የሚሉ በዙ፤ ክፍሉ ሳሳ፤ ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ሰውዬው ግን አልተመለሰም። ፈተና አስገባ፤ ትምህርቱንም ወደ 3 ዓመት አሳደገው። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ጄምስ ባር ኤምስ በ1895 በዲንነቱ ተተካው። ዘዴውም በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተስፋፋ።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ላንግደል ቤተ መጻሕፍትን እንደ ላቦራቶሪ ስለቆጠረ፣ ባለጉዳይ በዓይኑ ሳያይ የሚመረቅ ጠበቃ በረከተ የሚል ወቀሳ ደርሶበታል። ጥያቄውም ለወንዶች ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሴቶችን የተቀበለው በ1950 ነው።

እኔ ከዕቅዴ ላይ «መምህሩ ያብራራል» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር ሰርዤ በጥያቄ ጀምሬዋለሁ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ዝም ቢሉብኝ ምን እንደማደርግ ግን ገና ጨንቆኛል። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ልምምዱ ሳይጀመር ንገሩኝ።