«ትለምደዋለህ» የማይመልሰው የማስቲሽ ጣጣ

መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ በጠባብ ክፍል ጫማ የሚሠራ ሰው ማስቲሹን በብሩሽ ቆዳውና ሶሉ ላይ ይቀባል፤ ጥቂት ጠጠር እስኪል ጠብቆ ያጣብቅና ቀጣዩን ጥንድ ያነሳል። ቆርቆሮው ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ ሲል የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ትለምደዋለህ» ነው።

አይለመድም። በብዙ ማስቲሾች ውስጥ እንደ ቶሉይንና ሄክሴን ያሉ ቶሎ የሚተኑ ፈሳሾች አሉ። ሄክሴን ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ነርቭ ይጎዳል፤ መጀመሪያ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ቆይቶ ጡንቻ ይዝላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ሰንደል በሚሠሩ ሰዎች ላይ የታየው ይኸው ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ቱርካዊው ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ ቤንዜን የተባለ ኬሚካል ያለበት ማጣበቂያ ይጠቀሙ በነበሩ የኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች ላይ የደም ካንሰር ማየታቸውን ጽፈዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ዓይነት ሕመም በአንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ይለዋል። ብዙ ሠራተኞች የማያውቁት ግን አንቀጽ 96ን ነው፦ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። ሠራተኛው የአሠሪውን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሊያሳይ የሚገባው ሕመሙ ከሥራው መምጣቱን ነው፤ ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ራሴን ያመኛል» ብሎ ብቻ መመለስ የለበትም። በምን ማጣበቂያ፣ ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ ተናግሮ በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። የቆርቆሮውን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ ቢያነሳ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብቱን አያሳጣውም። በጥንድ መከፈሉም እንዲሁ፤ በአሠሪው አመራር ሥር በቁራጭ ሥራ የሚሠራም ሠራተኛ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ሊቆጠርበትና ካሣውን ሊያጣ ይችላል። ማስክ ተሰጥቶት ኪሱ ውስጥ የሚከተው ሰው ይህን ይወቅ።

ይሁንና አንቀጽ 92 አሠሪውን አደጋውን እንዲያስረዳ፣ መከላከያ እንዲያቀርብና የሥራ ቦታው ጤና እንዳይጎዳ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አያግድም፤ እሱን አድሎ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት ተገቢ አይደለም። ከሰል ያለው ማጣሪያ፣ ከዚያም በፊት አየር የሚያወጣ መስኮት ወይም ፋን ያስፈልጋል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይሳባል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ የቡና ከሰል ማቀጣጠል እሳት መጋበዝ ነው።

ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሕክምና ወጪው በአሠሪው ይሸፈናል። ሥራ መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል።

ገና ያልታመመውስ? አደጋውን ቀን ባለው ጽሑፍ ለአሠሪው ያሳውቅ፣ ቅጂውን ያስቀር፣ መፍትሔ ካጣ ለአካባቢው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክት። አደጋው ለጤና የሚያሰጋ ሆኖ አሠሪው ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ የሥራ ስንብት ክፍያም ይገባዋል። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል።