የዛገው ዥዋዥዌ

ጥያቄ፦ የግቢያችን ዥዋዥዌና ሸርተቴ ዝጓል። አዲስ ለመግዛት አቅም የለንም። በትንሽ ወጪ ይታደሳል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይታደሳል። ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ግን እግሮቹ አፈር የሚነኩበትን ቦታ ቆፈር አድርገው ብረቱን በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት። እርጥበት የሚያቁረው እዚያ ስለሆነ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ይበላል። ከሳሳ ወይም ከተበሳ የተበላውን አስቆርጠው አዲስ ቱቦላሬ ያስበይዱ። ያለችዎትን ገንዘብ ከሁሉ በፊት እዚህ ላይ ያውሉ።

የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት። ልጆቹን አርቀው፣ ውኃ እያስነኩ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ ፍቅፋቂውንም ሰብስበው ያስወግዱ። እንደደረቀ ወዲያው አንቲረስት፣ ከዚያ የዘይት ቀለም ይቀቡ። ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበት ቀለበት ተበልቶ ከቀጠነ ግን ቀለም አያድነውም፤ ይቀየር። ልጆቹ ሲወድቁ የሚያርፉበት መሬት ሲሚንቶ ከሆነ አስነሥተው 30 ሳንቲሜትር ያህል አሸዋ ይሙሉበት።