ስለ ሕፃናት አመልና ስለ ወላጆች ትምህርት

በነጭ ዓባይ ዳር ያለው የጁባ ወደብ ከሰሜን በወንዙ የሚመጡትን የጭነት ጀልባዎች ይቀበላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 በዚያች ከተማ የተነሣው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰቦችን አፈናቅሏል፤ በ2016ም ውጊያው ዳግመኛ በከተማይቱ ተነሥቷል። እንዲህ ባለ ዘመን ያደገ ሕፃን ቢቈጣ፣ ቢማታ፣ አልታዘዝም ቢል፣ ክፉ ልጅ ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኵል። የትንሽ ልጅ ፍርሃት ብዙ ጊዜ ቍጣ መስሎ ይታያልና።

በ2011 የወጣው የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ ልጅን ከአካል ቅጣት ሲጠብቅ፣ ከትምህርት ቤት ጋራ ወላጆችንም ጠቅሶአል። ሕጉ ግን በትሩን ያስጥላል እንጂ በምትኩ ምን እንደሚያዝ አያስተምርም። እንግዲህ ወላጅ ልጁን በምን ያቅና? ይህ ጥያቄ በጁባ ለሚነግደው ኢትዮጵያዊም፣ በደጋ ለምንኖረው ለእኛም አንድ ነው።

በ1970ዎቹ ሺላ አይበርግ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት አንድ ሕክምና ጀመሩ። በዚህ ሕክምና ዋናው ተማሪ ወላጅ ነው። እናት ከልጅዋ ጋራ ስትጫወት፣ አስተማሪው ከመስተዋት በስተ ኋላ ሆኖ እያየ፣ በጆሮዋ ባለች ትንሽ መሣሪያ ይመክራታል። ትምህርቱም ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛ፦ በየቀኑ 5 ደቂቃ ያህል፣ ጨዋታውን ልጁ እየመራ፣ ወላጅ ይከተለው። መልካም ሲሠራ ሥራውን ጠርቶ ያመስግነው፤ «እቃህን ስለ ሰበሰብህ ደስ አለኝ» ይበለው። ማንንም የማይጐዳውን ጥቃቅን ጥፋት ግን አይቶ እንዳላየ ይለፈው።

ሁለተኛ፦ ትእዛዙ አጭርና አንድ ብቻ ይሁን። ልጁ እንቢ ቢል፣ አስቀድሞ የተነገረው ቅጣት፣ ይኸውም ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው በወንበር መቀመጥ፣ ያለ ጩኸትና ያለ ስድብ ይፈጸም።

ይህ ስለ ምን ይረዳል? ሕፃን የወላጁን ዓይን ይራባል። ውሃ ሲደፋ ብቻ የምንጠራው ከሆነ ውሃ መድፋትን ይማራል። ሲጮኽ ስኳር ብንሰጠው፣ እርሱ መጮኽን፣ እኛም መስጠትን እንማራለን።

መስተዋቱና መሣሪያው በሌለበትም ወላጆች በአንድነት ተሰብስበው፣ እርስ በርስ እየተለማመዱ ይህን ሊማሩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ የወላጆች ትምህርት በሀብታምም በድኻም አገር እንዲሰጥ መክሯል። ነገር ግን ልጁ መናገር ቢያቆም፣ ሌሊት ሌሊት በድንጋጤ ቢነቃ፣ ወይም ራሱን ቢጐዳ፣ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከሥራችን 5 ደቂቃ ለይተን ከልጃችን ጋራ በመሬት እንቀመጥ። ለውጡ በአንድ ሳምንት ባይታይም አንተው፤ ብዙ ወራት የቈየ አመል ለመታረም ጊዜ ይፈልጋልና።