ዓሣው የበላው ወደ ገበታችን ይመጣል
በእርባታ ዓሣና በመኖው ውስጥ ስለሚከማቹ ኬሚካሎች ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወደ ወንዝ በመጨመር ዓሣን አደንዝዞ መያዝ በአገራችን በልዩ ልዩ አካባቢዎች የታወቀ ልማድ ነው። ይህን ያየ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ወደ ውኃ የገባ ነገር ወደ ዓሣው ይገባል። የብርብራው ጉዳት ግን ወዲያው ይታያል፤ ዓሣው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የማይታየውን ነው፤ ዓሣው እየዋኘና እየወፈረ፣ ለዓይንም ለምላስም አንዳች ምልክት ሳይሰጥ በሥጋውና በስቡ የሚያከማቸውን ኬሚካል።

የዓሣ ኩሬ ማልማት ለሰበካዎቻችን መልካም የልማት መንገድ ነው። ዓሣ ለሕፃናት ዕድገት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የሚጠቅም ምግብ ነው። በአጽዋማት ወራት በገበያ የሚፈለገው መጠን እንደሚጨምርም ሁላችን እናውቃለን፤ በጾም መበላቱ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለሊቃውንት አባቶቻችን ትተን፣ እኛ የምንነጋገረው ስለ ንጽሕናው ነው። በቤተ ክርስቲያን ስም የተሸጠ ወይም ለችግረኞች የታደለ ምግብ በሰው ዘንድ የሚታመነው ያለ ምርመራ ነው። ስለዚህ ምርመራው አስቀድሞ በእኛ ዘንድ ሊደረግ ይገባል።

1. ብክለቱ ምንድን ነው?

በዓሣ እርባታ ውስጥ የሚያሳስቡን ኬሚካሎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብሱና በስብ ውስጥ የሚጠራቀሙ ናቸው። ለወባ ትንኝ መከላከያ ለረዥም ዓመታት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ፣ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው ፒሲቢ፣ ቆሻሻና ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚፈጠረው ዳይኦክሲን ከእነዚህ ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እነዚህን ጨምሮ በመጀመሪያ 12 ኬሚካሎችን ለማስወገድ ወይም ለመገደብ የተደረገ ነው፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

ሁለተኛዎቹ እንደ ሜርኩሪ፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉት ከባድ ብረቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ በዓሣ ሥጋ ውስጥ በመከማቸት የታወቀ ሲሆን፣ ገና በማሕፀን ያለውን ፅንስ አእምሮ ይጎዳል።

ሦስተኛዎቹ በእርባታው ሥራ ራሱ የሚገቡ ናቸው። የዓሣን የቆዳ በሽታ ለማከም ይውል የነበረውና በብዙ አገሮች ለምግብ ዓሣ የተከለከለው ማላካይት ግሪን የተባለው ቀለም፣ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት፣ እንዲሁም በሻገተ መኖ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይጠቀሳሉ።

2. ጥቂቱ እንዴት ይበዛል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ዓሣ 1 ኪሎ ግራም ክብደት ለመጨመር 1.5 ኪሎ ግራም መኖ ይበላል እንበል። በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም መኖ ውስጥ 10 እጅ የሆነ የማይበሰብስ ኬሚካል ቢኖርና ዓሣው ምንም ሳያስወግድ ቢቀር፣ በዚያ በጨመረው 1 ኪሎ ግራም ውስጥ 15 እጅ ይገኛል። መኖው ራሱ ከሌላ ዓሣ ዱቄትና ዘይት የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ መቆጠር የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን ሰው ሲበላው ኬሚካሉ በየደረጃው እየጠነከረ ይሄዳል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዓሣ በሊታ የሆነ ዓሣ ዕፀዋትና ጥቃቅን የውኃ ሕይወት ከሚመገበው ይልቅ ብዙ ያከማቻል። ሁለተኛ፣ ኩሬው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ መኖው ካልጠራ ዓሣው አይጠራም።

3. ዓለም በጉዳት የተማረው

እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በአሜሪካ በእርባታ ጣቢያዎች የሚገኝ ትራውት የተባለ ዓሣ በጉበት ነቀርሳ በብዛት ታመመ። ምክንያቱ ሲመረመር ለመኖ የዋለው የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ በአፍላቶክሲን የተበከለ ሆኖ ተገኘ። ውኃው አልነበረም፤ የሻገተው መኖ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በቤልጅየም ፒሲቢና ዳይኦክሲን ያለበት ዘይት ለመኖ ከተሰበሰበ ስብ ጋር ተቀላቀለ። መኖው ወደ ብዙ የእርባታ ቦታዎች ተከፋፈለ። የመጀመሪያው ምልክት የታየው በዶሮዎች ላይ በክረምቱ ወራት ሲሆን፣ ነገሩ ለሕዝብ የተገለጠው ግን በግንቦት መጨረሻ ነበር። ሁለት ሚኒስትሮች ከሥልጣናቸው ወረዱ። ጥቂት የተበከለ ዘይት ብዙ መኖ እንደሚያበላሽ፣ ዝምታም ጉዳቱን እንደሚያበዛ ከዚህ እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 700 ያህል ሳልሞኖችን መርምሮ፣ በእርባታ ያደጉት ከዱሮቹ ይልቅ ብዙ ፒሲቢና ዳይኦክሲን እንዳለባቸው አሳየ። ምንጩም በዋናነት ከዓሣ ዘይት የተሠራው መኖ መሆኑ ታመነበት። ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ዓሣ ለልብ ጤና የሚሰጠው ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል የሚሉ ባለሙያዎችም ነበሩ። ፍሬው ግን ታየ። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ከሳልሞን መኖ 90 በመቶ ያህሉ ከባሕር የተገኘ ነበር፤ በ2013 ወደ 30 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ቀሪው በዕፀዋት ተተካ። በዓሣው ውስጥ የሚገኘው የዳይኦክሲንና የፒሲቢ መጠንም ቀነሰ። መኖ ሲለወጥ ዓሣው ተለወጠ ማለት ነው።

ጥንቃቄው ግን አልቆመም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. አንድ ሰው በሳምንት ሊወስደው የሚችለውን የዳይኦክሲን መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ14 ፒኮግራም ወደ 2 ዝቅ አድርጎታል። ፒኮግራም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ነው።

4. በአገራችንስ?

በአገራችን ኩሬዎች በብዛት የሚረባው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም ይረባል። ቆሮሶ በአብዛኛው ጥቃቅን የውኃ ዕፀዋትን የሚመገብ ስለሆነና ስቡም ጥቂት ስለሆነ፣ በተፈጥሮው እንደ ሳልሞን ብዙ አያከማችም። ይህ ለእኛ ታላቅ ዕድል ነው።

ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ያስተምሩናል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሣ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። በሐዋሳ ሐይቅ ሌሎች ዓሣዎችን የሚመገበው ትልቁ ቢልጫ ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ዲዲቲና ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። ወደ ቆቃ የሚፈስሰው የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይቀበላል። ስለዚህ ከሐይቅ በሚገኝ ጥቃቅን ዓሣ ወይም የዓሣ ተረፈ ምርት መኖ የሚያዘጋጅ ሰበካ የሐይቁን ታሪክ አብሮ ወደ ኩሬው ያስገባል።

ለኩሬ መኖ የምንጠቀምበት የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎም ጥንቃቄ ይሻል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በወተት ላይ በተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን ሲገኝ፣ ለላሞቹ የተሰጠው የኑግ ፋጉሎ እንደ ዋና ምንጭ ተጠቅሷል። ላምን የሚጎዳ ፋጉሎ ለዓሣ መልካም ሊሆን አይችልም።

5. ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

ሀ. ቦታ መምረጥ። ኩሬ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ በታች አይቆፈር። ሌላ ቦታ ከሌለ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሠራ፤ በኩሬውና በማሳው መካከልም ሰፋ ያለ ሣር ይተው።

ለ. የአካባቢውን አሠራር መጠየቅ። ከላይ ያሉት ገበሬዎች ምን እንደሚረጩና መቼ እንደሚረጩ በወዳጅነት ይጠየቁ። መርጫ መሣሪያ በወንዝ እንዳይታጠብ ይመከር። በመድኃኒት የተነከረ አጎበርም በኩሬ ወይም ወደ ኩሬ በሚገባ ውኃ ውስጥ አይታጠብ፤ መድኃኒቱ ለዓሣ እጅግ አደገኛ ነውና።

ሐ. መኖን መመርመርና ማስቀመጥ። የሻገተ፣ የረጠበ ወይም ሽታው የተለወጠ ፋጉሎ አይገዛ፤ ከተገዛም በኋላ ቢሻግት ለዶሮም ለከብትም ሳይተላለፍ ይቀበር። ጆንያው ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። መኖና ፀረ ተባይ በአንድ መጋዘን ፈጽሞ አይገናኙ።

መ. ዕቃን መለየት። ፀረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት በርሜልና ጀሪካን ቢታጠብም ለመኖ፣ ለውኃም ሆነ ለዓሣ ማጓጓዣ አይዋል።

ሠ. ከባለሙያ ውጭ መድኃኒት አለመስጠት። ዓሣ ሲታመም የወረዳው የግብርና ባለሙያ ይጠራ። ጫጩት ሲፈለግም ሆነ ምክር ሲያስፈልግ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል መልካም መነሻ ነው።

ረ. መዝገብ መያዝ። መኖው ከማን፣ መቼና በምን ያህል እንደ ተገዛ ይጻፍ። አንድ ቀን ጥያቄ ቢነሣ መልሱ ከዚያ ይገኛል።

ሰ. ምእመናንን ማስተማር። ቆዳውንና የሆዱን ስብ ማስወገድ በስብ ውስጥ የሚከማቹትን ኬሚካሎች ይቀንሳል። ሜርኩሪ ግን በሥጋው ውስጥ ስለሚገኝ በመግፈፍም በማብሰልም አይወጣም፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ዓሣ በሊታ ከሆኑ ትልልቅ ዓሣዎች ይልቅ ቆሮሶን ይምረጡ።

6. የውይይት ጥያቄዎች

1. ኩሬያችን ወይም ልንቆፍር ያሰብንበት ቦታ ውኃውን ከየት ያገኛል? በላዩ ያለው ማሳ የማን ነው?
2. መኖውና ፀረ ተባዩ ዛሬ የት ተቀምጠዋል? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?
3. ከኩሬያችን ዓሣ የሚበሉት እነማን ናቸው? ከእነርሱ መካከል ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አሉን?
4. አጠራጣሪ ነገር ብናገኝ ሽያጩን ለማቆምና እውነቱን ለምእመናን ለመናገር ማን ኃላፊነት ይወስዳል?

አራተኛውን ጥያቄ ከሌሎቹ ይልቅ በጽሞና እንድትወያዩበት እንመክራለን። ኩሬ ቢደርቅ እንደ ገና ይሞላል፤ አንድ ዓመት ምርት ቢቀርም በሚቀጥለው ይካሳል። በማሕፀን ሳለ የተጎዳ ሕፃን አእምሮ ግን አይካስም። ዓሣ አጥማጆችን ለሐዋርያነት የጠራ አምላክ ለድሆቹ ንጹሕ ማዕድ የምናቀርብበትን ማስተዋል ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።