የጊዜ ስሌት በቪዲዮ ጨዋታ ሥራ

አታሪ በ1982 እ.ኤ.አ. «ኢ.ቲ.» የተሰኘውን ጨዋታ ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንታት ገደማ አሠራው፤ ውጤቱም ውድቀት ሆነ። በአገራችን ቅኔ ጌምስ ገበጣን ለስልክ አዘጋጅቷል። የየቡ ተማሪዎችም ይህንኑ ቢሞክሩ እንበል። ደንቡን መወሰን 2፣ ፕሮግራሙን መጻፍ 4፣ ሥዕሉ 3፣ ፍተሻው 2 ሳምንት ይፈጃል። ደንቡ እንደተወሰነ ሥዕልና ፕሮግራም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ድምሩ 8 እንጂ 11 ሳምንት አይደለም። ሥዕሉ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ፕሮግራሙ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን ሁሉም ይዘገያል። ይህ መስመር «ወሳኝ መንገድ» ይባላል። እንግዲህ ቀኑ ሲጠብ ሥዕሉን ማሳጠር አንዳች አያተርፍም። ብዙዎች ፍተሻውን ይቆርጣሉ። እኛ ግን የገበጣ ደንብ እንደየአገሩ ስለሚለያይ (ክርክሩም አያልቅምና!) በአንዱ ደንብ ብቻ መጀመርን እንመርጣለን።